አንባቢን የሚያስመርረው መደጋገሙ ነውን? ስለ ልብ ወለድና ስለ ተከታታይ ድራማ የተለመዱ የሴራ ዘዴዎች

ሳይተዋወቁ የተፋቀሩ ወንድምና እህት፣ ሠርጉ ሊፈጸም ሲል ብቅ የሚል ደብዳቤ፣ ከበር ውጭ ቆሞ የንግግሩን ግማሽ ብቻ ሰምቶ የሚሄድ ፍቅረኛ፣ ደራሲው ሊያሰናብተው የፈለገውን ሰው ይዞ ገደል የሚገባ መኪና፦ በአማርኛ የሚጻፉ ልብ ወለዶችን፣ በየቴሌቪዥን ጣቢያው የሚቀርቡ ተከታታይ ድራማዎችንና ወደ አማርኛ ተመልሰው የሚታዩ የውጭ ሥራዎችን የሚከታተል ሰው ይህን ዝርዝር ያለ ችግር ሊያረዝመው ይችላል። ስለ ድራማ በተነሣ ጨዋታ ሁሉ «ገና በሁለተኛው ክፍል ወንድሟ መሆኑን አውቄዋለሁ» የሚል ሰው አይጠፋም። ወቀሳውም አብዛኛውን ጊዜ «ተደጋገመ፣ ሰለቸን» በሚለው ቃል ይቋጫል።

ወቀሳው መሠረት አለው፤ የሚሰጠው ምክንያት ግን ትክክለኛው አይደለም። መደጋገም ብቻውን ጥፋት ቢሆን ኖሮ ሕፃናት ያንኑ ተረት በየምሽቱ ባልጠየቁ፣ አዋቂዎችም አንብበው የጨረሱትን መጽሐፍ ከዓመታት በኋላ መልሰው ባልገለጡት ነበር። አንባቢን የሚያስቆጣው የታሪኩ ቋጠሮ በገጸ ባሕርያቱ ጠባይና ውሳኔ መታሰሩና መፈታቱ ቀርቶ፣ ደራሲው ራሱ ከገባበት ጭንቀት ለመውጣት ሲል የሚያስረውና የሚፈታው ሲሆን ነው። ችግሩ መደጋገም ነው ከተባለ መፍትሔው አዳዲስ ዘዴ መፈለግ ይሆናል፤ ችግሩ የምክንያት ማጣት ከሆነ ግን እጅግ ያረጀውን ዘዴ እንኳ አክብሮ መሥራት ይቻላል።

ልማድ፣ ውልና ክሊሼ

ሴራ በሥነ ጽሑፍ ትምህርት የድርጊቶች ቅደም ተከተል ብቻ ሳይሆን አንዱ ድርጊት ሌላውን የሚወልድበት የምክንያትና የውጤት ሰንሰለት ነው። የሴራ ዘዴ የምንለው ደግሞ ይህን ሰንሰለት ለማስጀመር፣ ለማክረር ወይም ለመፍታት ደራሲው የሚጠቀምበትን መሣሪያ ነው፤ የተደበቀ ማንነት፣ አጋጣሚ፣ የተሳሳተ መረጃና ድንገተኛ ሞት ሁሉም መሣሪያዎች ናቸው። ክሊሼ የሚለው ቃል ከፈረንሳይ ማተሚያ ቤቶች የመጣ ሲሆን፣ መጀመሪያ ያመለክት የነበረው አንድ ጊዜ ተቀርጾ ያንኑ ገጽ ደጋግሞ ለማተም የሚያገለግለውን የብረት ሰሌዳ ነበር። ቃሉ ወደ ሥነ ጽሑፍ ሲሻገር ይህን ትርጉም ይዞ መጥቷል፤ ሳይታሰብበት በመጣ ቁጥር የሚታተም ነገር ክሊሼ ይባላል።

ከክሊሼ ጋር ዘወትር የሚምታታው የዘውግ ልማድ ነው። የወንጀል ምርመራ ታሪክ የሚያነብ ሰው ወንጀለኛው በመጨረሻ እንደሚታወቅ፣ የፍቅር ታሪክ የሚያነብም ሁለቱን የሚለያይ እንቅፋት እንደሚኖር አስቀድሞ ያውቃል። ይህ በደራሲውና በአንባቢው መካከል ያለ ውል እንጂ የፈጠራ ድርቀት አይደለም። ሩሲያዊው ምሁር ቭላዲሚር ፕሮፕ እ.ኤ.አ. በ1928 ባሳተመው ጥናት የሩሲያ ተረቶች ከ31 ከማይበልጡ የድርጊት ዓይነቶች የተገነቡ መሆናቸውን አሳይቷል፤ ሆኖም ሕዝቡ ተረቶቹን አልጣላቸውም። የእኛው የቅኔ ትምህርት ቤት ደግሞ ነገሩን በተሻለ ሁኔታ ያስረዳል። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ያለው ሆኖ ልኩ ከመምህር ወደ ተማሪ ሲተላለፍ ኖሯል፤ ተማሪው ግን ትናንት የተዘረፈውን ቅኔ ዛሬ መልሶ ቢያቀርበው ቅኔ ተቀኘ አይባልም። ልኩ የጋራ ሀብት ነው፣ በልኩ ውስጥ የሚገባው ምሥጢር ግን በየጊዜው አዲስ መሆን አለበት። በልብ ወለድም አንባቢው የሚቆጣው ልኩን ስላወቀው አይደለም፤ ልኩን ከፍቶ ሲመለከት ባዶ ሆኖ ሲያገኘው ነው።

መጨረሻውን ማወቅ ደስታን ያጠፋልን?

«አስቀድሜ አወቅሁት» የሚለው ቅሬታ በመጨረሻው ላይ ያተኮረ ስለሚመስል፣ ማወቅ በራሱ ደስታን ያጠፋል የሚል እምነት ተስፋፍቷል። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሳን ዲዬጎ ተመራማሪዎቹ ጆናታን ሊቪትና ኒኮላስ ክሪስተንፌልድ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ጥናት 12 አጫጭር ልብ ወለዶችን ለአንባቢዎች አቅርበው፣ ፍጻሜው አስቀድሞ የተነገራቸው ሰዎች ካልተነገራቸው በአማካይ የበለጠ እንደወደዷቸው ገልጸዋል። ከዚያ በኋላ የተደረጉ ሌሎች ጥናቶች ተቃራኒ ውጤት ያገኙበት ጊዜ ስላለ ጉዳዩ ተዘግቷል ማለት አይቻልም። ቢያንስ ግን ማወቅና መሰልቸት አንድ ነገር እንዳልሆኑ ያመለክታል።

ለዚህ ከአማርኛ ሥነ ጽሑፍ የሚቀርበው ምሳሌ ከማንኛውም ቤተ ሙከራ የበለጠ ግልጽ ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ፍጻሜውን በርእሱ ላይ ጽፎ ይጀምራል። አንባቢው የመጀመሪያውን ገጽ ሳይገልጥ ታሪኩ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል። ይህ ግን መጽሐፉ ከትውልድ ወደ ትውልድ እንዳይነበብ፣ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከውም አድማጩ መቃብሩን እያወቀ ጆሮውን እንዳይሰጠው አላደረገም። ልብ ሰቀላ፣ ማለትም ቀጥሎ የሚሆነውን ለማወቅ የሚደረገው ጉጉት፣ «ምን ይሆናል?» በሚለው ጥያቄ ብቻ የሚኖር አይደለም፤ «እንዴትና ለምን ይሆናል?» የሚለው ብዙ ጊዜ ይበልጥ ጠንካራ ነው። ስለዚህ «በሁለተኛው ክፍል አወቅሁት» የሚለው ተመልካች በእርግጥ እየተናገረ ያለው መጨረሻውን ካወቀ በኋላ በቀሩት ክፍሎች ውስጥ ሌላ የሚጠብቀው ነገር እንዳጣ ነው።

ቋጠሮው በማን እጅ ተፈታ?

በጥንታዊቷ ግሪክ ቲያትር አማልክትን የሚጫወተውን ተዋናይ ከላይ ወደ መድረኩ የሚያወርድ የእንጨት ማንሻ ነበር። ታሪኩ ሰው ሊፈታው በማይችለው ደረጃ ሲወሳሰብ አምላኩ በማንሻው ይወርድና ፍርድ ሰጥቶ ሁሉን ያስተካክላል። ዛሬም በዓለም ሥነ ጽሑፍ ዴዉስ ኤክስ ማኪና፣ «ከመሣሪያው የወረደ አምላክ»፣ የሚባለው ዘዴ ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው። አርስጣጣሊስ «ሥነ ግጥም» በተባለው ሥራው የታሪኩ መፍቻ ከታሪኩ ከራሱ መፍለቅ እንጂ ከማንሻው መውረድ እንደሌለበት ጽፏል። ከሦስት መቶ ዓመት ያህል በኋላ ሮማዊው ባለቅኔ ሆራስ ያንኑ ሐሳብ በቋጠሮ ምሳሌ አስቀመጠው፤ ቋጠሮው አምላክ የሚያስፈልገው ካልሆነ በቀር አምላክ ጣልቃ አይግባ አለ። እንግሊዛዊው ቄስና የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ ጸሐፊ ሮናልድ ኖክስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1929 ለዚህ ዘውግ ባወጣቸው 10 ሕግጋት ውስጥ መርማሪውን አጋጣሚ ሊረዳው እንደማይገባ፣ መንታ ወንድማማቾችም አንባቢው በቂ ዝግጅት ሳይደረግለት ሊመጡ እንደማይገባ አስፍሯል።

ሦስቱ ሰዎች በዘመንም በሃይማኖትም የተራራቁ ናቸው። ስለ አንድ ነገር ግን ተስማምተዋል፦ ከውጭ የመጣ መፍትሔ የአንባቢውን ድካም ከንቱ ያደርጋል። አንባቢው የገጸ ባሕርያቱን ጠባይ ሲያጠና፣ ምክንያትን ከውጤት ሲያገናኝ ቆይቶ በመጨረሻ ያጠናው ሁሉ ለመፍትሔው ምንም ፋይዳ እንዳልነበረው ይነገረዋል። ቁጣው ከዚህ ይመነጫል።

አጋጣሚ ሁሉ የተወገዘ ነው ማለት ግን አይደለም፤ እዚህ ላይ ብዙ ሐያስያን የሚዘሉት አንድ አድልዎ አለ። አንባቢ ችግርን የሚያመጣ አጋጣሚን በቀላሉ ይቀበላል፣ ችግርን የሚፈታ አጋጣሚን ግን አይቀበልም። በጥንታዊው የግሪክ ትያትር ኤዲፐስ አባቱን፣ አባቱ መሆኑን ሳያውቅ፣ በመንገድ ላይ አግኝቶ መግደሉ ትልቅ አጋጣሚ ነው፤ ሆኖም የመከራው መነሻ ስለሆነና ትያትሩ ከመጀመሩ በፊት ስለተፈጸመ ማንም አይከራከርበትም። በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ሰብለ ወንጌል ማንነቷን ሰውራ ከቤቷ ከወጣች በኋላ በዛብህን በሞት አፋፍ ላይ ማግኘቷም አጋጣሚ ነው። ነገር ግን መገናኘቱ ከሞት አያድነውም፣ ቤተሰቡን አያስታርቅም፣ የዘመኑን የመደብ ግንብ አያፈርስም፤ ሐዘኑን ብቻ ሙሉ ያደርገዋል። ያ መገናኘት በዛብህን አድኖ ለሠርግ ቢያበቃው ኖሮ ዛሬ ስለ መጽሐፉ የምንናገረው በሌላ ቃል በሆነ ነበር።

ያልተደረገው ንግግር

ከተለመዱት ዘዴዎች ሁሉ ብዙ ቁጣ የሚያስነሣው፣ ሁለት ሰዎች ለአምስት ደቂቃ ቢነጋገሩ የሚያበቃ አለመግባባት ለሠላሳ ክፍሎች ሲጎተት ነው። መልኩ ይታወቃል። አንዱ የሌላውን ንግግር ግማሽ ይሰማል፤ ወይም ባሏን ከሌላ ሴት ጋር ቆሞ ታየዋለች፤ ሴቲቱ እህቱ ናት። «ላስረዳሽ» ይላል፣ «ምንም መስማት አልፈልግም» ትላለች፣ እርሱም ሳያስረዳ ይቀራል። ተመልካቹ እውነቱን ስለሚያውቅ የሚጠብቀው ነገር መረጃው እስኪደርስ ብቻ ነው፤ ደራሲው ደግሞ መረጃውን እንዳይደርስ ያገደው ከራሱ በቀር ሌላ ምክንያት የለውም።

ይህ ዘዴ በመሠረቱ ደካማ ነው የሚሉ አሉ። እንግሊዛዊው ሐያሲ ቶማስ ራይመር እ.ኤ.አ. በ1693 ጸጋዬ ገብረ መድኅን በኋላ ወደ አማርኛ በመለሰው በሼክስፒር «ኦቴሎ» ላይ የሰነዘረው ወቀሳ ከዛሬው ተመልካች ወቀሳ ጋር ይመሳሰላል፤ በአንድ መሐረብ ምክንያት ይህን ያህል ጥፋት እንዴት ይደርሳል፣ ለምን «የመሐረቡ ትራጄዲ» አልተባለም ሲል ጠይቋል። በእርግጥም ኢያጎ የተባለ የበታቹ ኦቴሎን ሚስቱን ዴዝዴሞናን እንዲጠረጥር በሚያደርግበት በ«ኦቴሎ» ውስጥ ዘዴዎቹ ሁሉ አሉ። የጠፋ ስጦታ አለ፤ ኦቴሎ ተደብቆ የመኮንኑን የካሲዮን ንግግር በሩቁ ሲከታተል ስለ ሌላ ሴት የተባለውን ስለ ሚስቱ እንደተባለ ይቆጥረዋል፤ ስለ መሐረቡ እውነቱን የምታውቀው የኢያጎ ሚስት ኤሚሊያም ለመናገር የሚያስፈልገው ሰዓት እስኪያልፍ ዝም ትላለች።

ታዲያ ሥራው ለምን ይኖራል? ኦቴሎ ዴዝዴሞናን ያናግራታልና ነው። ይጠይቃታል፣ ትመልስለታለች፣ አያምናትም። በመካከላቸው የቆመው የመረጃ እጥረት ሳይሆን እንግዳ በሆነበት አገር ራሱን ለመወደድ የማይበቃ አድርጎ የሚያየው ሰው ጥርጣሬ ነው፤ ኢያጎም የሚሠራው በዚህ ጥርጣሬ ላይ ነው። መሐረቡ ባይጠፋ ኖሮ ኢያጎ ሌላ ዕቃ ባገኘ ነበር። ይህን ከተለመደው የድራማ አለመግባባት ጋር ማወዳደር ጠቃሚ ነው፦ በአንደኛው ንግግሩ ተደርጎም አይጠቅምም፣ በሁለተኛው ንግግሩ እንዳይደረግ በሩ ይዘጋል፣ ስልኩ ይጠራል፣ ባትሪው ያልቃል።

በዚህ ነጥብ ላይ በአማርኛ የሚጽፉ ደራሲያን የሚያባክኑት ሀብት ያሳዝነኛል። ዝምታ በኅብረተሰባችን ውስጥ ብዙና ጥልቅ ምክንያት አለው። በይሉኝታ የታፈነ ቃል አለ፤ አባትን ላለማዋረድ የተደበቀ እውነት አለ፤ ሽማግሌ ፊት የተማለ ነገር ስላለ የማይፈታ ቃል አለ፤ ለነፍስ አባት የተነገረና ከዚያ የማያልፍ ኑዛዜ አለ። ዓረብ አገር ሠርታ ገንዘብ የምትልክ ልጅ የደረሰባትን በደል ለእናቷ በስልክ የማትነግረው ኔትወርክ ስለተቋረጠ አይደለም፤ እናቷ ስለምትጎዳ ነው። እንዲህ ያለው ዝምታ ሠላሳ ክፍል መጎተት ይችላል፤ እያንዳንዱ የስልክ ጥሪ፣ እያንዳንዱ «ደህና ነኝ» አዲስ ክብደት እየጨመረበት ይሄዳል። እንዲህ ያለ ምክንያት በእጁ እያለ ደራሲው በር ላይ ቆሞ የሚሰማ ሰው ሲያስገባ ያለውን ትቶ የሌለውን መበደሩ ነው።

የጠፋው ወንድምና የተገኘው ጠባሳ

ማንነት ተደብቆ ቆይቶ መገለጡ ከሴራ ዘዴዎች ሁሉ ጥንታዊው ሳይሆን አይቀርም። በሆሜር ታሪክ ኦዲሴዎስ ከሃያ ዓመት በኋላ ወደ ቤቱ ሲመለስ አሮጊቷ ሞግዚት እግሩን ስታጥብ በጠባሳው ታውቀዋለች። አርስጣጣሊስ የተደበቀ ማንነት የሚታወቅባቸውን መንገዶች በዓይነታቸው ለይቶ ሲያስቀምጥ እንዲህ በምልክት የሚፈጸመውን ከጥበብ የራቀ ያለው ሲሆን፣ ከሁሉ የበለጠ ያደረገው ከድርጊቶቹ ከራሳቸው ተገዶ የሚወጣውን ነው። ለእግር ማጠቡ ግን በምልክት ከሚፈጸሙት ከሌሎቹ መንገዶች የተሻለ ቦታ ሰጥቶታል፤ ጠባሳው ሆን ተብሎ ለማስረጃ የቀረበ ሳይሆን ሳይታሰብ የተገኘ ነውና። በአማርኛ ሥራዎች የጠባሳው ቦታ ብዙ ጊዜ የሚያዘው በአንገት መስቀል፣ በአሮጌ ፎቶግራፍ ወይም «ማርያም የሳመችው» በምንለው የትውልድ ምልክት ነበር። አሁን ደግሞ የዲኤንኤ ምርመራ ውጤት የያዘ ፖስታ ተተክቶበታል። መሣሪያው ዘመናዊ ሆነ እንጂ ሥራው ያው ነው።

የአማርኛ ልብ ወለድም የተወለደው ከዚህ ዘዴ ጋር ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተመውና በኋላ «ጦቢያ» በሚል ስም የታወቀው «ልብ ወለድ ታሪክ» የሚያጠነጥነው በመንታ ወንድምና እህት መመሳሰል፣ በባርነት ተሽጦ በጠፋ ወንድምና ወንድ መስላ ልትፈልገው በወጣች እህት ላይ ነው። ኖክስ ስለ መንታዎች ያስጠነቀቀው ከዚህ ሃያ ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። የ«ጦቢያ» መንታነት ግን በመጨረሻ ድንገት የሚመዘዝ ካርታ አይደለም፤ አንባቢው ከመጀመሪያው ያውቀዋል፣ የማያውቁት በታሪኩ ውስጥ ያሉት ሰዎች ናቸው። ስለዚህ መመሳሰሉ አንባቢውን አያታልለውም፤ ይልቁንም ሌሎች ሲሳሳቱ እንዲያይ ያደርገዋል።

ለዚህ ዘዴ የሚቆሙ ሰዎች ጠንካራ መከራከሪያ አላቸው፦ «ይህ በእኛ ሕይወት የሚደርስ ነገር ነው» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። የቀይ ሽብር ዘመን፣ የ1977 ዓ.ም. ረኃብ፣ በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል የተደረገው ጉዞ፣ ጦርነትና ስደት ስንቱን ቤተሰብ በትነዋል። ኢትዮጵያ የውጭ አገር ጉዲፈቻን በ2010 ዓ.ም. እስከከለከለችበት ጊዜ ድረስ በሺዎች የሚቆጠሩ ሕፃናት ወደ አሜሪካና ወደ አውሮፓ ተወስደዋል፤ ከእነዚህ መካከል አድገው ወላጆቻቸውንና ወንድሞቻቸውን ለመፈለግ የመጡ አሉ። ስለዚህ «ይህ አይሆንም» የሚለው ሐያሲ ተሳስቷል።

ይሁን እንጂ «ደርሷል» ማለት «ያሳምናል» ማለት አይደለም። አርስጣጣሊስ ሊሆን የሚችል ነገር ግን የማያሳምን ከሆነው ይልቅ ሊሆን የማይችል ነገር ግን የሚያሳምነውን መምረጥ ይገባል ያለው ለዚህ ነው። በእውነተኛው ሕይወት የጠፋ ወንድም ፍለጋ ዓመታት የሚፈጅ ሥራ ነው፤ የጠፋ መዝገብ አለ፣ ስሙ የተለወጠ መንደር አለ፣ ልጇን የሰጠች እናት ኀፍረት አለ፣ ከተገናኙም በኋላ ቋንቋ አያግባባም። በተለመደው ድራማ ይህ ሁሉ ተዘሎ ፖስታው ይከፈታል፣ ሙዚቃው ይጮኻል፣ ክፍሉ ያበቃል። የተዘለለው ግን ታሪኩ ራሱ ነበር። ደራሲው ከሕይወት የወሰደው መገለጡን ብቻ ነው፤ ለመገለጡ ክብደት የሚሰጠውን ፍለጋ ትቶታል።

ሞት፣ ሕመምና ሕልም

የቀሩትን ባጭሩ ማለፍ ይቻላል። ድንገተኛ የመኪና አደጋና ድንገተኛ ሕመም ብዙውን ጊዜ የሚያገለግሉት ደራሲው ሊወስንበት የማይፈልገውን ሰው ከመንገድ ለማንሳት ነው፤ ሁለት ሴቶችን የሚወድ ሰው አንዷን መምረጥ ሲኖርበት አንዷ ትታመማለች፣ እርሱም ከምርጫ ይድናል። ከዚህ የሚከፋው ሴቲቱ የምትሞተው ወንዱ እንዲበቀል ወይም እንዲለወጥ ምክንያት ለመስጠት ብቻ ሲሆን ነው፤ አሜሪካዊቷ የሥዕላዊ መጻሕፍት ደራሲ ጌል ሲሞን እ.ኤ.አ. በ1999 በዚህ መንገድ የተገደሉና የተጎዱ ሴት ገጸ ባሕርያትን ዝርዝር አዘጋጅታ ጉዳዩን መነጋገሪያ አድርጋዋለች። «ሕልም ነበር» የሚለው መፍቻ ደግሞ ከሁሉም የከበደ ዋጋ ያስከፍላል። «ዳላስ» የተባለው የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ እ.ኤ.አ. በ1986 የሞተ ገጸ ባሕርይን ለመመለስ ሲል የአንድን ሙሉ ዓመት ክፍሎች ሕልም ናቸው ብሎ ሰርዟል። ይህ ውሳኔ ዛሬም ድረስ በምሳሌነት የሚነሣው ተመልካቹ ያለቀሰበትና የተጨነቀበት ዓመት በአንድ ትዕይንት ከንቱ ስለተባለ ነው።

ዘዴዎቹ ለምን አይጠፉም?

ይህ ሁሉ ከታወቀ ደራሲያን ለምን ይመለሱበታል? «ተመልካቹ ስለሚወደው» የሚለው መልስ ከፊል እውነት አለው፤ የልብ ወለድ ተመስጦን ያጠኑት ሜላኒ ግሪንና ቲሞቲ ብሮክ እ.ኤ.አ. በ2000 እንዳሳዩት በታሪኩ ውስጥ ጠልቆ የገባ አንባቢ እውነት የማይመስሉ ስፍራዎችን የሚያስተውለው ከሌላው ባነሰ መጠን ነው። ስለዚህ አንዱን ያስቆጣ አጋጣሚ ለሌላው ሳይታይ ሊያልፍ ይችላል። ዋናው ምክንያት ግን የሥራው አደረጃጀት ይመስለኛል።

ተከታታይ ሥራ ርዝመቱ የሚወሰነው በታሪኩ ሳይሆን በገበያው ነው። እንግሊዛዊው ደራሲ ቻርልስ ዲክንስ እ.ኤ.አ. ከ1836 ጀምሮ ልብ ወለዶቹን በየክፍሉ ሲያወጣ የነበረበት ሁኔታም ይኸው ነው፤ በሥራዎቹ ውስጥ ያለው የአጋጣሚ ብዛት ከዚህ አሠራር ተለይቶ አይታይም። በ2008 ዓ.ም. ሥርጭት በጀመረው ቃና ቴሌቪዥን አማካይነት ብዙ ኢትዮጵያውያን የተዋወቋቸው የቱርክ ተከታታይ ድራማዎች ደግሞ በአገራቸው የአንዱ ሳምንታዊ ክፍል ርዝመት ሁለት ሰዓትና ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል። 35 ሳምንት የሚቆይ አንድ ምዕራፍ በዚህ ስሌት 70 ሰዓት ይሆናል፤ ይህም የ35 ሙሉ ፊልሞች ያህል ጊዜ ነው። ሰባ ሰዓት የሚሞላ የጠባይ ግጭት ማዘጋጀት ከባድ ነው፤ ያልተደረገ ንግግር፣ የጠፋ ወንድምና የመኪና አደጋ ግን በማንኛውም ሳምንት ሊገቡ ይችላሉ። በአገራችን ድራማዎችም የማስታወቂያ ገቢ ከተገኘ ታሪኩ አልቆም ይቀጥላል፣ ካልተገኘ ሳያልቅ ይቆማል።

የመጻሕፍቱ ችግር የተለየ ነው። ብዙ ደራሲያን በራሳቸው ወጪ ስለሚያሳትሙ ርዝመት አይጠቅማቸውም፤ ወረቀቱ ውድ ነው። የሚጎድላቸው በረቂቁ ላይ «ይህ ሰው ለምን አልጠየቃትም?» የሚል አርታኢ ነው። ድራማውን የሚያበላሸው የጊዜ መብዛት ሲሆን መጽሐፉን የሚያበላሸው የሁለተኛ ዐይን ማጣት ነው፤ ሁለቱን በአንድ ላይ «የደራሲ ድርቀት» ብሎ መጥራት መፍትሔውን ያርቃል።

የተለመደ ቀመር ይዞም በጥንቃቄ መሥራት እንደሚቻል ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በሬዲዮ የተላለፈው «የቀን ቅኝት» ማስረጃ ነው። 257 ክፍሎች የነበሩት ይህ ድራማ የተሠራው ሜክሲኳዊው ሚጌል ሳቢዶ ባዳበረው ስልት ሲሆን፣ ስልቱ ገጸ ባሕርያትን መልካም፣ ክፉና በመካከል ሆነው የሚለወጡ ብሎ አስቀድሞ ይመድባል። ዓላማው ስለ ጤናና ስለ ቤተሰብ ማስተማር ስለሆነ አድማጩ ትምህርቱ ወዴት እንደሚያመራ መገመት አያቅተውም። በመካከል ያለው ሰው ግን ይወድቃል፣ ይነሣል፣ መልሶ ይወድቃል፤ ለውጡም ከራሱ ውሳኔ ይመጣል። ታሪኩን የሚያቆየው ይህ ነው።

ከመገመት ሽሽት

ወቀሳው ወደ «ተደጋገመ» ብቻ ሲያጋድል የሚያስከትለው ጉዳት አሁን መታየት ጀምሯል። አንዳንድ ደራሲያን ተገማች ላለመባል ሲሉ ንግርን፣ ማለትም ወደፊት ለሚሆነው ነገር አስቀድሞ የሚሰጠውን ስውር ፍንጭ፣ መተው ይዘዋል። ሩሲያዊው ደራሲ አንቶን ቼኾቭ እ.ኤ.አ. በ1889 በጻፈው ደብዳቤ ማንም የማይተኩሰውን የተጎረሰ ጠመንጃ መድረክ ላይ ማስቀመጥ አይገባም ብሎ ነበር፤ የዛሬው ተመልካች ይህን ሕግ በልምድ ስላወቀው አንድ ሰው አንዴ ሲያስል ካየ ያ ሰው እንደሚሞት ይገምታል። ደራሲው ከዚህ ግምት ለመሸሽ ሳሉን ያወጣዋል፣ ሞቱን ግን እንዳለ ይተወዋል። ውጤቱ ማንም ሊገምተው የማይችል፣ ማንም ሊያምነውም የማይችል የታሪክ መታጠፍ ነው፤ ታማኝ ጓደኛ በመጨረሻው ክፍል ያለ አንዳች ምልክት ከሃዲ ይሆናል።

ሁለቱን የሚለየው ዳግመኛ ማየት ነው። በአግባቡ የተሠራ መገለጥ መጨረሻው ከታወቀ በኋላ ተመልሰው ሲያዩት ይከብራል፤ ቀድሞ ተራ የመሰለው ቃል ሁለተኛ ትርጉም ይዞ ይገኛል፣ እንደ ሰምና ወርቅ። ለማስገረም ብቻ የገባው መታጠፍ ግን በሁለተኛው ንባብ ይፈርሳል፤ የቀደሙት ትዕይንቶች ከእርሱ ጋር የሚያገናኛቸው ነገር የለምና። ተመልካቹም ሁለት ሦስት ጊዜ እንዲህ ከተታለለ በኋላ በሐቅ ለተሠራው ሥራ እንኳ ልቡን መስጠት ያቆማል፤ ሰው ሲሞት «ይመለሳል» ይላል፣ ሲታረቁ «ይጣላሉ» ይላል፣ ያም ጥርጣሬ በሚቀጥለው ደራሲ ላይ ዕዳ ሆኖ ይቆያል።

ለዚህ በደራሲው እጅ ያለው መፍትሔ ከፊሉ ብቻ ነው። የክፍሎቹ ብዛትና ፍጻሜው ከቀረጻ በፊት ሲታወቅ ዝምታውን፣ ፍለጋውንና መገለጡን በልካቸው ማከፋፈል ይቻላል። ጣቢያውና ስፖንሰሩ ታሪኩ ካለቀ በኋላ 20 ክፍል ጨምር ሲሉ ግን፣ የጠባይ ግጭቱ ቀድሞ ተፈትቷልና ደራሲው አዲስ ቋጠሮ የሚያመጣው ከውጭ ነው፤ ያን ጊዜ ከዚህ በፊት ስሙ ተነሥቶ የማያውቅ ወንድም ከውጭ አገር ሻንጣውን ይዞ ይመጣል።